የመሪው አድራሻ ጥቆማ ነው፦ «አንድ ስም ይበቃል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በብዙ ሰርቨሮች ላይ በተሰራጩ ዳታቤዞች ውስጥ ኖዶች (አባል ሰርቨሮቹ) መሪያቸውን የሚያገኙበት መንገድ ያለ አግባብ ተወሳስቧል የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን በሙያ ባልደረቦቻችን ዘንድ እየተነበበ ነው። ጸሐፊው ምሳሌ ያደረጉት ብዙዎቻችን በአዲስ አበባ ዳርቻ የምናውቀውን ዓይነት አሠራር ነው። በገላን፣ በሰበታና በለገጣፎ መጋዘን ያለው አንድ አከፋፋይ በየመጋዘኑ አንድ ሰርቨር አስቀምጦ የዕቃ ክምችቱን በሦስቱም ላይ ይመዘግባል፤ ከሦስቱ አንዱ መሪ ሆኖ የመጻፍ ጥያቄዎችን ሁሉ ይቀበላል፤ ሁለቱ እርሱ የጻፈውን እየተከተሉ ይገለብጣሉ። ጸሐፊው ያቀረቡት መፍትሔ አጭር ነው፦ ኖዶችም ሆኑ ክላይንቶች (ጥያቄ የሚልኩት ፕሮግራሞች) መሪው ማን እንደሆነ በየራሳቸው ማስታወሱን ይተዉ፤ ስምን ወደ አድራሻ በሚቀይረው አገልግሎት በዲኤንኤስ ላይ አንድ ስም ይኑር፤ መሪ የሆነ ኖድ አድራሻውን በዚያ ስም ሥር ይጻፍ፤ የመዝገቡ ዕድሜ (መልሱ ተይዞ የሚቆይበት ጊዜ) 5 ሰከንድ ይሁን፤ የቀረው የማፈላለጊያ ኮድ ይሰረዝ።

ለዚህ የሰጧቸው ምክንያቶች አራት ናቸው። አንደኛ፣ የስህተቱ ሁሉ ምንጭ ኖዶች ስለ መሪው የሚይዙት ትውስታ ነው ይላሉ። ሁለተኛ፣ ተከታይ ኖድ የመጣበትን ጥያቄ ወደ መሪው መምራቱ የጊዜ ብክነት እንደሆነ ይገልጻሉ። ሦስተኛ፣ መዝገቡን የሚጽፈው መሪው ብቻ ስለሆነ መዝገቡ ሊሳሳት እንደማይችል ያረጋግጣሉ። አራተኛ፣ መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት በከተማዋ ዳርቻ የሚያዛልቀው ቀላል ነገር ብቻ መሆኑን አንሥተው፣ የመልእክት ማስተላለፊያው ሥርዓት ካፍካ፣ ያስተባብርለት የነበረውን ውጫዊ መዝገብ ዙኪፐርን የጣለውም በዚሁ ምክንያት መሆኑን ይጠቅሳሉ።

ውስብስብነቱን በተመለከተ ጸሐፊው ያዩትን እኔም አያለሁ። አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠራ የማፈላለጊያ ኮድ በአፕሊኬሽኑ፣ አፕሊኬሽኑ ዳታቤዙን በሚያነጋግርበት ላይብረሪና በመሐል ሆኖ ጥያቄ በሚያሳልፈው ፕሮክሲ ውስጥ ተደጋግሞ ተጽፎ፣ ሦስቱም የተለያየ መልስ ይዘው መገኘታቸው ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ይቃለል በሚለው ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። የምለያቸው በሚቃለለው ነገር ላይ ነው። የመሪው አድራሻ የትም ቦታ ቢጻፍ ጊዜው ሊያልፍበት የሚችል ጥቆማ ነው። ሥርዓቱ የሚቀለው የተሳሳተ ጥቆማ ጉዳት እንዳያደርስ አስቀድሞ ሲታሰር ነው፤ ያ ከተደረገ በኋላ ጥቆማው በጣም ተራ በሆነ መንገድ ቢገኝም ችግር የለውም። ጽሑፉ የሄደበት መንገድ ጥቆማውን እንደ እውነት ቆጥሮ፣ እውነቱን ከዳታቤዙ አውጥቶ ለሌላ አካል የሚያስረክብ ነው።

ከሦስተኛው ነጥብ እጀምራለሁ፤ የቀሩት ሦስቱ በእርሱ ላይ የተደገፉ ናቸውና። መሪው በገላን ነው እንበል። ለመንገድ ሥራ የሚቆፍር ማሽን ወደ ገላን የሚገባውን ፋይበር ቆረጠው፤ በመጋዘኑ ውስጥ ያለው ኔትወርክ ግን ደኅና ነው፤ ሰርቨሩም በዩፒኤስ ላይ ሆኖ እየሠራ ነው። ሰበታና ለገጣፎ ከመሪው ምንም መልእክት ስላጡ ምርጫ ያካሂዳሉ፤ ከሦስቱ ሁለቱ አብላጫ ስለሆኑ ሰበታ አዲሱ መሪ ይሆናል፤ አድራሻውንም በዲኤንኤስ ላይ ይጽፋል። ይህ ለውጥ የገላንን መጋዘን በምን መንገድ ይደርሰዋል? መስመሩ ተቆርጧል። በገላን ያለው የዲኤንኤስ ሰርቨር የሚያውቀው የቀድሞውን መልስ ነው፤ የመጋዘኑ ሠራተኞች ኮምፒውተሮችም የቀድሞውን መሪ ያለ አንዳች ችግር ያገኙታል፤ የቀድሞው መሪ ራሱ ከሥልጣን መነሣቱን የነገረው የለም። መዝገቡን የሚጽፈው መሪው ብቻ ነው የሚለው አባባል በተጻፈበት ቅጽበት እውነት ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ግን አይሸፍንም፤ ክላይንቱ መዝገቡን የሚያነበው ደግሞ ምንጊዜም ከተጻፈ በኋላ ነው።

ከዚህም የከፋ ሁኔታ አለ። መሪ ነኝ ብሎ መዝገቡን ሊጽፍ የተዘጋጀ ኖድ ከመጻፉ በፊት ለጥቂት ሰከንዶች ሊቆም ይችላል፤ የማያስፈልገውን ሜሞሪ የሚያጸዳበት ሥራ ሊይዘው፣ ዲስኩ ሊዘገይበት፣ የሚሠራበት ቨርቹዋል ማሽን ሊቆም ይችላል። በዚህ መሐል ሌላ መሪ ተመርጦ አድራሻውን ይጽፋል። የቆመው ኖድ ሲነቃ የጀመረውን ሥራ ይቀጥልና በአዲሱ መሪ አድራሻ ላይ የራሱን ይደርባል። ይህን ለመከላከል መዝገቡ እያንዳንዱን ጽሕፈት ከሥልጣን ዘመን ቁጥር (በእያንዳንዱ ምርጫ ከፍ ከሚል ቁጥር) ጋር ተቀብሎ ያነሰ ቁጥር የያዘውን መመለስ አለበት። መዝገቡ እንዲህ እያነጻጸረ አንድ ሰርቨር ሲወድቅም እንዲሠራ ከፈለግን ደግሞ እርሱ ራሱ በአንድ ሰርቨር ላይ የቆመ ሊሆን አይችልም፤ በብዙ ሰርቨሮች ላይ የተሰራጨ፣ በአብላጫ ድምፅ የሚስማማ ሥርዓት ሊሆን ነው። ማለትም መሪ የማግኘቱን ችግር ለመፍታት፣ እርሱም መሪ የሚያስፈልገው ሁለተኛ ዳታቤዝ ሠራን ማለት ነው።

በእንዲህ ያለ ሰዓት የዕቃ ምዝገባውን ከጥፋት የሚያድነው አድራሻው አይደለም። ዲዬጎ ኦንጋሮና ጆን ኦስተርሃውት እ.ኤ.አ. በ2014 ያቀረቡት ራፍት የተባለው የኖዶች መስማሚያ ደንብ ይህን በግልጽ ያስቀምጣል። እያንዳንዱ ምርጫ የሥልጣን ዘመን ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል፤ አንድ ኖድ በአንድ ዘመን ድምፁን ለአንድ ዕጩ ብቻ ይሰጣል፤ መሪው የጻፈው ነገር ጸና የሚባለው አብላጫዎቹ ኖዶች ሲይዙት ነው። ተነጥሎ የቀረው የገላን ኖድ ራሱን መሪ ብሎ ቢቀጥልም፣ ከሦስቱ የሁለቱን ስምምነት ስለማያገኝ አንድም ጽሕፈት ሊያጸና አይችልም። መስመሩ ሲመለስ ከእርሱ የሚበልጥ የዘመን ቁጥር ያያል፤ ወዲያውም ተከታይ ይሆናል። ማንም የተሳሳተ አድራሻ ይዞ ወደ እርሱ ቢመጣ የሚያጣው ጊዜ ነው እንጂ ዳታ አይደለም።

ማንበብን በተመለከተ ግን ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ጽሑፉም ይህን ጭራሽ አላነሣም። ተነጥሎ የቀረ መሪ በእጁ ያለውን የቆየ ቁጥር ለሚጠይቀው ሁሉ ሊያነብ ይችላል። ሰበታ ላይ የወጣ 200 ካርቶን ዘይት ገላን ላይ አሁንም እንዳለ ሆኖ ይታያል፤ የገላኑ ሠራተኛም በዚያ ተማምኖ ለደንበኛ ቃል ይገባል። ራፍት ለዚህ ያስቀመጠው መፍትሔ መሪው የማንበብ ጥያቄ ሲመጣለት መልስ ከመስጠቱ በፊት ከአብላጫዎቹ ኖዶች ጋር መልእክት ተለዋውጦ አሁንም መሪ መሆኑን እንዲያረጋግጥ ነው። ይህን ወጪ ለመቀነስ በጊዜ የተገደበ ሊዝ (መሪው በየጊዜው ሳይጠይቅ የሚያነብበት ፈቃድ) የሚጠቀሙ ሥርዓቶች አሉ፤ ሊዙ የሚቆጠረው ግን ሰርቨሩ ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ ወደ ፊት ብቻ በሚሄደው ቆጣሪ መሆን አለበት። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የተሳሳተ ቀን ይዞ የሚነሣ፣ ከዚያም በድንገት የሚስተካከል የግድግዳ ሰዓት ለዚህ አይታመንም።

መሪን ከዳታው ውጭ በሚገኝ አካል የመምረጥን አደጋ ለማየት የፕሮግራም ኮድ ማስቀመጫው ድርጅት ጊትሃብ ራሱ በይፋ የዘረዘረውን የጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. መስተጓጎል ማስታወስ ይጠቅማል። በሁለት የዳታ ማዕከሎቹ መካከል የነበረው ግንኙነት የተቋረጠው ለ43 ሰከንድ ብቻ ነበር። የዳታቤዙን የማይኤስኪውኤልን መሪዎች የሚሾመው ውጫዊ መሣሪያ በራሱ ደንብ አብላጫ አግኝቶ መሪነቱን ወደ ሌላኛው የአሜሪካ ዳርቻ አዛወረው፤ ዳታው ግን የሚገለበጠው በመዘግየት ስለነበር በሁለቱም ወገን ሌላው ያላየው ጽሕፈት ተገኘ። አገልግሎቱ ወደ ሙሉ ጤንነቱ እስኪመለስ 24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ፈጀ። ሹመቱ በአብላጫ ድምፅ ቢጸናም ዳታው በአብላጫ ስላልጸና አዲሱን መሪ ማወቁ ብቻውን አልጠቀመም።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ስንመጣ፣ ጸሐፊው የኖዶች ትውስታ የስህተት ምንጭ ነው ሲሉ ያልለዩት ነገር አለ። በራፍት መሪው ለተከታዮቹ በየጊዜው በሚልከው መልእክት ውስጥ የራሱ መለያና የዘመኑ ቁጥር አብረው ይጓዛሉ። ተከታዩ ይህን ለመያዝ የሚያወጣው ወጪ የለም፤ መልእክቱ የሚመጣው በሌላ ምክንያት ነውና። ስህተት የሚያመጣው አድራሻውን ከዘመን ቁጥሩ ለይቶ ማስታወስ ነው። ሁለቱ አብረው ከተያዙና አዲስ የመጣ መረጃ ተቀባይነት የሚያገኘው ቁጥሩ ሲበልጥ ብቻ ከሆነ፣ ትውስታው ወደ ኋላ ሊመለስ አይችልም። የሞንጎዲቢ ዳታቤዝ ድራይቨሮች (የክላይንት ላይብረሪዎች) ይህንኑ ያደርጋሉ፤ ሁለት ኖዶች እያንዳንዳቸው ዋናው እኔ ነኝ ቢሉ፣ ከምርጫ ጋር ተያይዞ የሚሰጠውን መለያ አነጻጽረው አሮጌውን ወደ ጎን ይተዉታል።

በአንጻሩ ጽሑፉ ያቀረበው መፍትሔ ትውስታን ያበዛል። የዲኤንኤስ መልስ በአካባቢው ሰርቨር ውስጥ ይቀመጣል፤ በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል፤ ጃቫ ደግሞ የመዝገቡ ዕድሜ 5 ሰከንድ ነው ቢባልም በነባሪ ቅንብሩ ያገኘውን መልስ ለ30 ሰከንድ ይይዛል። ከእነዚህ አንዱም ስለ ዘመን ቁጥር የሚያውቀው ነገር የለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንዴ የተከፈተ ግንኙነት ስሙን መልሶ አይጠይቅም። አፕሊኬሽኖቻችን ግንኙነቶችን ከፍተው ለረጅም ጊዜ ስለሚያቆዩ፣ ዲኤንኤሱ ቢለወጥም እነርሱ ከቀድሞው መሪ ጋር እንደተያያዙ ይቀራሉ። በሊኑክስ ነባሪ ቅንብር፣ የላከው መልእክት ምላሽ ያጣ የቲሲፒ ግንኙነት ደጋግሞ ሞክሮ ተስፋ እስኪቆርጥ ድረስ 15 ደቂቃ ያህል ሊፈጅ ይችላል። የ5 ሰከንዱ ዕድሜ በወረቀት ላይ ያማረ ቁጥር ነው፤ ክላይንቱን ከሞተ መሪ የሚያላቅቀው ግን በክላይንቱ በራሱ ላይ የተቀመጠ የጥያቄ ጊዜ ገደብ ነው። ያ ገደብ ካለ ደግሞ ሌላውን ኖድ መጠየቅ ስለሚቻል፣ ዲኤንኤሱን ለዚህ ሥራ የምንፈልግበት ምክንያት አይታየኝም።

በሁለተኛው ነጥብ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከገላን ሰበታ ያለው መስመር በዋናው ማዕከል ዞሮ 60 ኪሎ ሜትር ቢሆን እንኳ የደርሶ መልስ ጉዞው 0.6 ሚሊሰከንድ ነው፤ በመንገድ ላይ ያሉት መሣሪያዎች ጨምረውበት ጥቂት ሚሊሰከንዶች ቢደርስ፣ ይህ የሚከፈለው መሪው በተለወጠ ቁጥር በአንድ ክላይንት አንድ ጊዜ ነው። የራፍት አቅራቢዎች የመረጡት የምርጫ መጠበቂያ (ተከታይ ከመሪው መልእክት አጥቶ ምርጫ እስኪጠራ የሚታገሥበት ጊዜ) ከ150 እስከ 300 ሚሊሰከንድ ነው፤ በራፍት በሚሠራው ዳታቤዝ በኢቲሲዲ ነባሪው 1,000 ሚሊሰከንድ ነው። አዲሱን መሪ ለማወቅ እስከ 5 ሰከንድ የሚያስጠብቅ መዝገብ ምርጫው ራሱ ከሚወስደው ጊዜ ይረዝማል። ፍጥነት ከተፈለገ የተሻለው መንገድ ጸሐፊው ይቅር ያሉት ነው፤ ተከታዩ «እኔ መሪ አይደለሁም፤ በዚህ ዘመን የማውቀው መሪ እከሌ ነው» ብሎ በአንድ መልስ ይመልሳል።

ስለ ተከታይ ኖዶች ከተነሣ አይቀር፣ ወጪው ከጉዞው ይልቅ ያለበት ሌላ ቦታ መሆኑን ማሳየት እፈልጋለሁ። ተከታዩ ጥያቄውን ራሱ ተቀብሎ ለመሪው ሊያሳልፍ ይችላል፤ ኢቲሲዲ እንዲህ ያደርጋል፤ ለክላይንቱም እጅግ ምቹ ነው። ነገር ግን መሪው ጽሕፈቱን ካጸና በኋላ መልሱ በመንገድ ቢጠፋ፣ ክላይንቱ እንዳልተሳካለት ቆጥሮ ድጋሚ ይልካል። ጥያቄው «ከክምችት 50 ቀንስ» የሚል ከሆነ 100 ይቀነሳል። ይህ ስህተት በዲኤንኤስ ዘዴም፣ በመጠቆም ዘዴም፣ በማሳለፍ ዘዴም እኩል ይደርሳል፤ መፍትሔውም አንድ ነው። ክላይንቱ ለእያንዳንዱ ጥያቄ የራሱን መለያና ተራ ቁጥር ይሰጣል፤ ዳታቤዙ ያንን ተራ ቁጥር ከጽሕፈቱ ጋር አብሮ መዝግቦ፣ ሲደገም ሥራውን ሳይደግም የቀድሞውን መልስ ይመልሳል። የመሪ ፍለጋ ኮዳችን የሚያብጠው በአመዛኙ ይህ ቁጥር ስለሚጎድል ነው። ድጋሚ መላክ አስተማማኝ ካልሆነ ፕሮግራመሩ ትክክለኛውን መሪ በመጀመሪያው ሙከራ ለማግኘት ይጨነቃል፤ ጭንቀቱም ንብርብር ኮድ ይወልዳል። ድጋሚ መላክ አስተማማኝ ሲሆን ግን ሦስቱን አድራሻዎች በተራ መሞከር ይበቃል።

አራተኛው ነጥብ በልቤ ውስጥ ያለ ጉዳይ ነው። ከዋናው ከተማ ወጣ ባሉ ቦታዎች የምንተክላቸው ሥርዓቶች የአካባቢውን ሁኔታ ታሳቢ ያድርጉ የሚለው የጸሐፊው አቋም ሊመሰገን ይገባዋል፤ ከሌላ አገር የመጣ ቅንብር እንዳለ ተገልብጦ መቀመጡ ብዙ ጎድቶናል። ይሁን እንጂ አካባቢውን ታሳቢ ካደረግን መጠየቅ ያለብን መብራት በሁሉም ቦታ ጠፍቶ ሲመለስ ምን እንደሚነሣ ነው። ሦስቱ ኖዶች ተነሡ፤ ዲኤንኤሱ የሚሠራበት ማሽን ግን ገና አልተነሣም፤ ወይም ጄኔሬተር በሌለው ክፍል ውስጥ ነው። ዳታቤዙ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ መሪውን የሚያገኘው የለም። የኖዶቹ አድራሻ በየማሽኑ ፋይል ላይ በሦስት መስመር ቢጻፍ ኖሮ፣ ከሦስቱ ሁለቱ በተነሡበት ቅጽበት ምርጫ ተካሂዶ ሥራ ይጀመር ነበር። አድራሻዎቹ ሲለወጡ፣ ለምሳሌ የሰበታው ሰርቨር ወደ ዱከም ቢዛወር፣ የአባላት ለውጡ እንደ ማንኛውም ጽሕፈት በዳታቤዙ መዝገብ ውስጥ በአብላጫ ይጸናል፤ በአንዳንድ ማሽኖች ላይ የቀረው ፋይል ቢያረጅም ከውስጡ አንድ ሕያው አድራሻ ካለ ቀሪውን ከዚያ ኖድ መጠየቅ ይቻላል።

የአባላትን ዝርዝርና መሪነትን እንዲህ ለያይቶ መያዝ አዲስ አይደለም። ማይክ ቡሮውስ እ.ኤ.አ. በ2006 የገለጹት የጉግል የቁልፍ አገልግሎት ቸቢ፣ ክላይንቶቹ አባል ሰርቨሮችን በዲኤንኤስ ዝርዝር እንዲያገኙ ያደርጋል፤ መሪው ማን እንደሆነ ግን የሚነግሯቸው ሰርቨሮቹ ራሳቸው ናቸው። አልፎ አልፎ የሚለወጠው የአባላት ዝርዝር ለዲኤንኤስ ተሰጠ፤ በማንኛውም ሰከንድ ሊለወጥ የሚችለው መሪነት ከእርሱ ውጭ ቀረ። በዚያው ጽሑፍ ላይ አጭር ዕድሜ ያለው የዲኤንኤስ መዝገብ የሚያስከትለው ጫናም ተሰልቷል፤ 3,000 ፕሮሰሶች እርስ በርስ በስም ቢፈላለጉና የመዝገቡ ዕድሜ 60 ሰከንድ ቢሆን በሰከንድ 150,000 ጥያቄ ይመጣል። የሦስት መጋዘን ሥርዓት እዚህ ቁጥር አጠገብ አይደርስም፤ ሆኖም ዕድሜውን ወደ 5 ሰከንድ ማውረድ ጫናውን በ12 እጥፍ እንደሚያበዛ ስለ ወጪ የሚናገር ጽሑፍ ሊጠቅሰው ይገባ ነበር።

ካፍካን በተመለከተ የተጠቀሰው ማስረጃ ወደ ተቃራኒው ወገን ያዘነብላል። ካፍካ እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው 4.0 ዕትሙ ዙኪፐርን ሙሉ በሙሉ ሲያስወግድ፣ በቦታው ሌላ ውጫዊ መዝገብ አላስቀመጠም፤ መረጃውን በራሱ ውስጥ በራፍት መርሕ ላይ በተመሠረተ መዝገብ አስገባው። የካፍካ ክላይንት ዛሬም የሚጀምረው ከጥቂት የመነሻ አድራሻዎች ነው፤ መሪ ያልሆነ ኖድ ላይ ከወደቀ «መሪ አይደለሁም» የሚል ስህተት ይደርሰዋል፤ ከዚያም መረጃውን አድሶ እንደገና ይሞክራል። ጸሐፊው ለመሰረዝ የሚፈልጉት አካሄድ ይኸው ነው።

መስመር በሚቆራረጥበት ቦታ በእውነት የሚያስቸግረው ነገር ሌላ ነው። የሰበታው መስመር እየጠፋ ሲመለስ፣ ተነጥሎ የቆየው ኖድ በከንቱ ምርጫ እየጠራ የዘመን ቁጥሩን ያሳድጋል፤ ሲመለስ በትልቁ ቁጥሩ ደኅናውን መሪ ከሥልጣን ያወርደዋል፤ ይህም በተደጋገመ ቁጥር ጽሕፈት ይቆማል። ለዚህ የተበጀው ቅድመ ምርጫ ነው፤ ኖዱ ቁጥሩን ከማሳደጉ በፊት አብላጫዎቹ ሊመርጡት ፈቃደኛ መሆናቸውን ይጠይቃል፤ እነርሱም ከመሪያቸው መልእክት እየደረሳቸው ከሆነ እምቢ ይላሉ። ከዚህ ጋር፣ ከአብላጫዎቹ ምላሽ ያጣ መሪ ራሱ ከመሪነት እንዲወርድ ማድረግ የገላኑን ሁኔታ በእጅጉ ያቃልላል። የምርጫ መጠበቂያውም በኖዶቹ መካከል ከሚለካው የደርሶ መልስ ጊዜ ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን፤ ፋይበሩ ተቆርጦ ግንኙነቱ በሞባይል ኔትወርክ ሲቀጥል ያለው ጊዜ ተለክቶ ካልተወሰነ፣ በፋይበሩ ፍጥነት የተመረጠው ቁጥር በተጠባባቂው መስመር ላይ ያለ ማቋረጥ ምርጫ ያስጠራል።

እንግዲህ ከኮዱ ውስጥ ምን ይሰረዝ ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ ይህ ነው። በፕሮክሲውና በአፕሊኬሽኑ ውስጥ ያሉት የመሪ ማፈላለጊያዎች ይሰረዙ፤ በላይብረሪው ውስጥ ያለው አንዱ ይቆይ። እርሱም የአባላትን ዝርዝር ከፋይል ያንብብ፤ መጨረሻ የሰማውን መሪ ከዘመን ቁጥሩ ጋር ይያዝ፤ ጥያቄው በተወሰነለት ጊዜ ካልተመለሰ ወይም «መሪ አይደለሁም» ከተባለ በተሰጠው ጥቆማ ይሂድ፤ ጥቆማ ከሌለ ቀጣዩን አባል ይሞክር፤ በሙከራዎቹ መካከል የሚያርፈው ጊዜ እየረዘመ ይሂድ፤ ሁሉም ክላይንቶች በአንድ ጊዜ እንዳይነሡም በዘፈቀደ ይለያይ። የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ተጠቃሚዎች የዚህን ቅርብ ዘመድ ከ10ኛው ዕትም ጀምሮ በእጃቸው ይዘዋል፤ የግንኙነት ቅንብሩ ላይ ብዙ አድራሻ ጽፎ መጻፍ የሚፈቅደውን ብቻ ምረጥ ማለት ይቻላል።

ጸሐፊው ሐሳባቸውን እንዲፈትኑት የምጠይቀው አንድ ፈተና አለ። መሪው በገላን እያለ ሰርቨሩን ሳያጠፉ የውጭውን መስመር ብቻ ይንቀሉ። በመጋዘኑ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር አንድ የመጻፍና አንድ የማንበብ ጥያቄ፣ በለገጣፎ ባለ ኮምፒውተርም እንዲሁ አንድ የመጻፍና አንድ የማንበብ ጥያቄ በየሰከንዱ ይላኩ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መስመሩን መልሰው በሁለቱም ወገን ተሳክቷል የተባለውን ጽሕፈትና የተነበበውን ቁጥር ሁሉ ያወዳድሩ። ይህንኑ በእርሳቸው የዲኤንኤስ አሠራርና ከላይ በዘረዘርኩት አሠራር ደግመው ውጤቱን ከነቅንብሩ ቢያወጡት፣ ክርክራችን በሚለካ ነገር ላይ ይቆማል።